ወደ ዳባት የሰገድንበት ክረምት

የታሰርኩት በኪስ ምክንያት ነው። በደርግ ጊዜ ደባርቅ ላይ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። አንድ የማላውቀው ሰው መጣና ኪሱ የበዛ ሱሪ ስፋልኝ አለኝ፤ ሰፋሁለት። ለካስ ሰውዬው ሱሪውን አጥልቆ ጫካ ገብቶ ኖሯል። መርማሪው ፊት ሲያቆሙኝ መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ «ሰላማዊ ሰው ይሄ ሁሉ ኪስ ምን ያደርግለታል?» ብሎ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳስበው ምንም አያደርግለትም። «ጓድ፣ ደንበኛ ያዘዘውን እኮ...» ብዬ ሳልጨርስ ጥፊው ቀደመኝ። ከዚያ ወዲያ ምን እንደጠየቀኝ አላውቅም፤ ጆሮዬ ይጮህ ነበር።

ያስገቡኝ ከሱቄ ፊት ለፊት ካለው ግቢ ነው። የአንድ ሀብታም ቤት ነበር፤ ተወረሰና ማሰሪያ ሆነ። ለእኔ የደረሰኝ ድሮ እህል ይቀመጥበት የነበረው ክፍል ነው። መስኮቱ በሳንቃ ተመቷል፣ ወለሉ አፈር ነው፣ ሽታው የአይጥና የሰው ሽንት ነው። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ሁለት ሰዎች አየሁ። አንዱ ከደረስጌ በኩል የመጡ ቄስ ናቸው፤ ክረምቱ ሳይገባ ጀምሮ እዚያው ከርመዋል። ሌላው የአምባራስ ገበሬ ነው፤ ወንድሙ ሸፍቷል ተብሎ ነው የተያዘው። ቄሱ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ና ልጄ፣ በዚህ በኩል አያፈስም» አሉኝ።

በማግስቱ ወደ ማታ በሩ ተከፈተና አንድ ሽማግሌ ገፍትረው አስገቡ። ሳያቸው አወቅኋቸው። የዳባት ነጋዴ ናቸው፤ ጨው ደብቀሃል ተብለው ነው። ለእኔ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ደባርቅ አክስቷ ዘንድ ስትመጣ ሱቄ ጨርቅ ይዛ ትገባ የነበረችው ልጅ አባት ናቸው። ከወር በፊት ሽማግሌ ልኬባቸው፣ «ልጁን ሰው ያመሰግነዋል፤ አሰጋገዱን በዓይኔ ሳላይ ግን ልጄን አልሰጥም» ብለው መልሰውብኛል። እንግዲህ መንግሥት ምስጋና ይግባውና በቀን አምስት ጊዜ ሊያዩኝ ነው።

«አንተ ነህ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ አባባ።»

«ምን አድርገህ ነው?»

«ሱሪ ሰፍቼ።»

ትንሽ አሰቡ። «የሴት?»

«ኧረ የወንድ!»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ተቀመጡ።

የመግሪብ ሶላት ሰዓት ደርሶ ነበር። ሽማግሌው ቆመው በእጃቸው አየሩን እየቀዘፉ ቂብላውን፣ ማለት ፊታችንን የምናዞርበትን የመካን አቅጣጫ፣ ያሰሉ ጀመር። «መኪናው ከዳባት ሲመጣ ፊቱ ወደ ሰሜን ነው። ከኋላ ወረድኩ። በግራ ዞርኩ። ገባሁ። ስለዚህ ቂብላው ይኸ ነው!» ብለው አንዱን ግድግዳ መታ አደረጉ።

ልክ አልነበሩም። መኪናው ግቢ ውስጥ ዞሮ ነው የሚቆመው፤ እሳቸው ሸራ ተከልሎባቸው አላዩም። እኔ ግን ያን ቤት በየቀኑ ሱቄን ስከፍት አየዋለሁ፤ ፀሐይ በየትኛው ጣሪያ እንደምትወጣ አሳምሬ አውቃለሁ። እሳቸው ያሳዩት ግድግዳ የዳባት በኩል፣ ደቡብ ነው። ሊማሊሞ በሰሜን፣ ከጀርባችን ነው፤ መካም ከሊማሊሞ ማዶ ነው። አፌን ከፈትኩ። ልጅቷ ትዝ አለችኝ። ገና አንድ ሶላት ሳያዩኝ ሽማግሌ ላርም? ምን ቆርጦኝ! አፌን መልሼ ዘጋሁ። ጀርባችንን ለመካ ሰጥተን ወደ ዳባት ሰገድን። በዚያ መስመር ቀጥ ብሎ የሄደ ሰው የሚደርሰው ከራሳቸው ሱቅ ደጃፍ ነው።

ነሐሴ ባይሆን ኖሮ ነገሩ በማግስቱ ይጋለጥ ነበር። የደባርቅ ጭጋግ ግን ሲተኛ ተኛ ነው። ጠዋት ሽንት ቤት ሲያወጡን የዘበኛው ጠመንጃ እንጂ ዘበኛው ራሱ አይታይም፤ ፀሐይማ ከየት ትምጣ?

የአምባራሱ ሰው ደግሞ ጠያቂ ፍጥረት ነው። «ከእስላም ጋር ገበያ ውያለሁ እንጂ አብሬ አድሬ አላውቅም» አለና ተመቻችቶ ተቀመጠ። ውሃ የሚሰጡን ለመጠጥም የማትበቃ አንዲት ጣሳ ስለሆነች ለሶላት የምንታጠበው በአፈር ነበር፤ ግድግዳውን በመዳፍ መታ አድርጎ ፊትንና እጅን ማበስ ነው። እሱን አይቶ፣ «ቆይ፣ ይሄ ያጸዳል ወይስ ያቆሽሻል?» አለኝ።

ወደ ሽማግሌው አየሁ። «ምን ታየኛለህ? መልስለት እንጂ!» አሉ።

«ውሃ ሲጠፋ የተፈቀደ ነው» አልኩ። «እድፍ ለማስለቀቅ ሳይሆን ለመታዘዝ ነው።»

«እም» አሉ ሽማግሌው። ያቺን «እም» ሌሊቱን ሙሉ ስፈታት አደርኩ። ጥሩ «እም» ናት ወይስ መጥፎ?

በሌላው ቀን ደግሞ፣ «አራት ሚስት ይፈቀድላችኋል አሉ። አንተ ስንት ልታገባ ነው?» አይለኝም! የልጅቷ አባት እኮ ሽንብራቸውን እየቆረጠሙ አጠገቤ ተቀምጠዋል።

«አንድ» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«ከተፈቀደልህ ምን አስቸኮለህ?»

«እኩል ማኖር ግዴታ ነው። እኔ አንዷንም እንዴት እንደማኖር አላውቅም።»

ይሄን ከማለቴ ቆጨኝ። ቄሱ ጋቢያቸው ውስጥ ገብተው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሽማግሌው መቆርጠማቸውን አቆሙ። «ማኖር አላውቅም ነው ያልከው?» አሉኝ። ስለ ስፌት መኪናዬ፣ ስለ ደንበኞቼ፣ ስለማልከራየው ቤቴ መዘርዘር ያዝኩ። እስር ቤት ተቀምጬ ሀብታም መሆኔን ለማስረዳት ያየሁትን አበሳ እኔ ነኝ የማውቀው።

ስለ ኒካህ፣ ስለ ጋብቻው ውል፣ ሲጠይቅ ግን ራሳቸው መለሱለት። ሙሽራዋ ኒካሁ ላይ መገኘት የለባትም፣ አባቷ ወይም አባቷ የወከለው ሰው ይሰጣታል አሉት። «ግን ትጠየቃለች። ሳትጠየቅ የተሰጠች ልጅ ኒካህ፣ ኒካህ አይደለም።»

«ታዲያ እሺ ብላ ትናገራለች?»

«ታፍራለች። ዝም ካለች እሺ ብላለች ማለት ነው።»

የአምባራሱ ሰው ራሱን ያዘ። «ወይኔ! እኔ እኮ መርማሪው ፊት ዝም ነው ያልኩት!»

ያን ዕለት ዘበኛው በሩን በሰደፍ እስኪደበድበው ሳቅን።

እኔ ግን ውስጤ አላረፈም። እያወቁ ለመካ ጀርባ መስጠት ቀላል ነገር አይደለም። አስቤ አስቤ መላ ያገኘሁ መሰለኝ። ሽማግሌው ትንሽ ቀደም ብለው ያሰግዳሉ፣ እኔ በቀኛቸው ነኝ፤ አያዩኝም። በግንባሬ ተደፍቼ በተነሳሁ ቁጥር ጉልበቴን ትንሽ፣ ትንሽ ወደ ግራ አዞር ጀመር። እስከ ሊማሊሞ መድረስ አልቻልኩም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ሶላቱ ያልቅብኛል።

ይሄን የሚያይ አንድ ሰው ነበር። «ሼሁ» አለ የአምባራሱ ሰው አንድ ቀን፣ «ይሄ ልጅ ሊጠመቅ ነው እንዴ?»

«ምን?»

«ሲጀምር ከእርስዎ ጋር ነው የሚቆመው፣ ሲጨርስ ፊቱ ከአባ ጋር ነው።»

ጉድ ፈላ። ቄሱ የሚጸልዩት ወደ ምሥራቅ ነበር፤ የእኔ ግማሽ መንገድም ምሥራቅ ነው። ሽማግሌው ዞረው አዩኝ። ውሃ ሆንኩ። ያ መላ ደህና አድርጎ አዋረደኝ።

«አባባ፣» አልኩ እንደምንም፣ «ቂብላው ከጀርባችን ነው። እዚህ ፊት ለፊት እኮ ነው ሱቄ።»

«ምን አልክ?»

ቄሱ ገቡበት። «ልጁ እውነቱን ነው። እኔ ስገባ በጋ ነበር፤ ፀሐይዋን አይቼ ነው ምሥራቅን የያዝኩት።»

«እርስዎ?» አሉ ሽማግሌው። «እርስዎ ወደ ምዕራብ የሚጸልዩ መስሎኝ እስከ ዛሬ ሳዝንልዎ ነው የከረምኩት!»

«እኔስ» አሉ ቄሱ፣ «ወደ ጎንደር ስትሰግዱ ሥርዓታችሁ ይሆናል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ሽማግሌው ሳቅ የሚባል ነገር አልነካቸውም። «ከአንተ ዕድሜ በላይ ሰግጃለሁ! ሱሪ ሰፊ ቂብላ አያሳየኝም!» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። እኔም አለቀ አልኩ። ልጅቷ ቀረች። ከጥፊውም ከእስሩም ይልቅ የዚያን ቀን አንጀቴ ተቃጠለ።

ጠዋት ጭጋጉ ተገፈፈ። ሽማግሌው ሽንት ቤት ደርሰው ተመለሱና ቦታቸው ተቀመጡ።

«ፀሐይ ወጣች?» አለ የአምባራሱ ሰው።

«ወጥታለች።»

«በየት በኩል?»

ጥርሳቸውን በምላሳቸው ፈተሹ። «በአባ በኩል» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ አላውቅም ነበር፤ አጣርቼ መስሎኝ ነው፤ አላህ ይቀበለኛል። አንተ ግን ታውቅ ነበር። ያንተ ሶላት አልተሰገደም። ሁሉንም እንደገና ትሰግዳለህ!»

ጀመርኩ። የዕለቱን በዕለቱ፣ የተበላሸውን ደግሞ በላዩ ላይ እየሰገድኩ ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ። «የተሳሳቱት እሳቸው፣ የምትቀጣው አንተ?» አለኝ የአምባራሱ ሰው። «እኛ መርማሪውን ነው የምናማው!»

አንድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ቀስ ብለው፣ «ለምን ዝም አልከኝ?» አሉኝ።

«ስለ ልጅዎ» አልኩ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ ቀትር ላይ፣ ዘበኛው በሩን ከፈተና የሽማግሌውን ስም ጠራ። «ዕቃህን ይዘህ ውጣ፤ ጎንደር ነህ!» አለ። ያን ቃል ሁላችንም እናውቀው ነበር። እንዲያ ተብለው ሄደው ያልተመለሱ ሰዎች ነበሩ። የአምባራሱ ሰው እንኳ የሚጠይቀው ጠፋው።

«ሶላት ደርሷል» አሉ ሽማግሌው።

«መኪና ቆሟል እኮ!»

ቄሱ ተነስተው በሩ ላይ ቆሙ። «ልጄ፣ አንተም የእናት ልጅ ነህ። ትንሽ ታገሥ» አሉት። ዘበኛው ግቢውን ገላመጠና ጀርባውን ሰጠን።

እንደ ወትሮው ከሽማግሌው በስተቀኝ ልቆም ስጠጋ ትከሻዬን ያዙኝ። ወደ ፊት ገፋ አደረጉኝ። «አንተ ቅደም» አሉና እሳቸው በቀኜ ትንሽ ወደ ኋላ ብለው ቆሙ።

አሰግጄ አላውቅም። የማውቃቸው የቁርዓን ምዕራፎች ሁሉ አጫጭር ናቸው፤ ረጅም ባለመቅራቴ እንደዚያን ቀን ተቆጭቼ አላውቅም። ያችኑ አጭሯን ቃል በቃል እያዘገምኩ በለሆሳስ አልኳት። ፊታችን ወደ ሊማሊሞ ነው። ዘበኛው ይስላል። እኔ አልቸኮልኩም፤ እሳቸውም አላስቸኮሉኝም።

ስንጨርስ ወደ ቄሱ ዞሩ። «አባ፣ እርስዎ ቀድመው የሚወጡ ይመስለኛል። ዳባት ወርደው ለሚስቴ ይንገሩልኝ። ልጅቷን ትጠይቃት። ካልጠላች ወንድሜን ወክዬዋለሁ፤ ኒካሁን ይሰር።»

«ከማን ጋር?» አለ የአምባራሱ ሰው፤ አላስቻለውም።

«ከዚህ ከሱሪ ሰፊው።»

ዘበኛው ክንዳቸውን ሊይዝ ሲመጣ እጁን አስለቀቁት። «ተወኝ፣ አሁን አቅጣጫውን አውቄዋለሁ» አሉና ጋቢያቸውን አስተካክለው ቀድመውት ወጡ።

ቄሱ እውነትም ከእኔ ቀድመው ተፈቱ። በገበያ ቀን ዳባት ወርደው፣ ጥምጣማቸውን እንደጠመጠሙ ሱቁ ደጃፍ ቆመው፣ «የኒካህ መልእክት ይዤ ነው» ቢሉ እናቲቱ ሰውዬው አእምሯቸው የተነካ መስሏት ልታባርራቸው ነበር። ልጅቷን በፊታቸው ጠየቋት። «ዝም አለች» አሉኝ ቄሱ እኔም ከተፈታሁ በኋላ ሲነግሩኝ። «እናቷ ግራ ገብቷት ስታየኝ፣ 'እሺ ብላለች፤ በእናንተ ሕግ እንደዚያ ነው' አልኳት።»

አማቴ ከጎንደር የተመለሱት የመጀመሪያ ልጃችን ድክ ድክ ስትል ነው። ከስተው፣ አንድ ዓይናቸው ፈዝዞ መጡ። እዚያ ምን እንደደረሰባቸው ሳይነግሩን አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው።

ከባለቤቴ ጋር ዛሬም በዚህ ነገር እንከራከራለን። «አባቴን ወደ ዳባት እያሰገድክ ዝም ያልከው ለእኔ ብለህ ነው? በመጀመሪያው ቀን ብትነግረው በዚያው ቀን ይሰጥህ ነበር፤ አባቴን አታውቀውም» ትለኛለች። ሊሆን ይችላል። አብራቸው ያደገችው እሷ ናት፤ አልከራከራትም። ያን ቀን ከኋላዬ ቆመው ሲተነፍሱ የሰማኋቸው ግን እኔ ነኝ።