ጎንበስ ላሉት የቆመች

እናቴ የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነበረች። ከወንዶቹ እኩል ጠጠር ትዝቃለች፣ ብረት ትሸከማለች። አንድ ቀን የተሸከሙት ሐዲድ ከአንዱ እጅ አመለጠና ትከሻዋ ላይ አረፈ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ከባድ ነገር እንዳታነሳ ከለከላት። መሥሪያ ቤቱም አላባረራትም፤ "ቀላል ሥራ" ሰጣት።

ቀላሉ ሥራ መቆም ነበር። ጓደኞቿ ሐዲዱ ላይ ጎንበስ ብለው ሲሠሩ፣ እሷ ራቅ ብላ ከመታጠፊያው ላይ ጥሩምባና ቀይ ባንዲራ ይዛ ሽቅብ ታያለች። ባቡር ብቅ ሲል ትነፋለች፤ እነሱም ዕቃቸውን ይዘው ከሐዲዱ ይወርዳሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። መዶሻ ማቀበል አይፈቀድላትም፤ መቀመጥና ወሬ መጀመርም ክልክል ነው።

ወንዶቹ መጀመሪያ ላይ "ተመልካች" ብለው ጠሯት። "ዛሬስ ማን እየመራ ነው?" ይሏታል፣ ኳስ ሜዳ የገባች ይመስል። የባሰው ደግሞ እዚያው ቡድን ውስጥ የሚሠራው ታናሽ ወንድሟ፣ አጎቴ ነበር።

"እታለም፣ ቆሞ መዋል ሥራ ከሆነማ፣ ግቢያችን ያለው ዛፍ ጡረታው ደርሷል" አላት አንድ ቀን ቤት መጥቶ።

አያቴ በበኩሏ ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ ዘበኛ ሆነች" ብላ አወራች። ግን ነገሩ አልዋጥ አላት። "ለመሆኑ የምትጠብቂው ምንድነው? በር የለው፣ ግምብ የለው" አለቻት።

"ሰው ነው የምጠብቀው።"

"ሰው ራሱን አይጠብቅም እንዴ?"

"ጎንበስ ያለ ሰው ራሱን አይጠብቅም፣ እማ" አለች እናቴ።

እኔ ያኔ ትምህርት ጨርሼ ሥራ እፈልግ ነበር። የማየው ነገር ቢኖር፣ ድንጋይ ስትሸከም ውላ እየቀለደች ትገባ የነበረችው እናቴ፣ ቆማ ውላ ስትመጣ እርጥብ ጨርቅ ዓይኗ ላይ አድርጋ ጋደም እንደምትል ነው። ሬዲዮ እንኳ አትከፍትም። ሥራው እንዴት እንዲህ እንደሚያደክም አልገባኝም ነበር።

የገባኝ ምሳዋን ይዤላት የሄድኩ ዕለት ነው። ፀሐዩ ጠንከር ብሏል። ወንዶቹ ከታች ሐዲዱን በብረት ዘንግ ከፍ አድርገው ጠጠር እየጎሰጎሱ ነው፤ አጎቴ ሲዘፍን ይሰማል። እናቴ ሰላም ያለችኝ ፊቷን ሳታዞር ነው።

"ድንጋዩ ላይ አስቀምጪው። ባቡሩ ካለፈ በኋላ ይቀይሩኛል፤ ያኔ እበላለሁ።"

አጠገቧ ቆምኩና እኔም እንደሷ ሽቅብ ማየት ጀመርኩ። ሁለቱ የሐዲድ መስመሮች ሽቅብ ሄደው ሄደው ጫፋቸው ሙቀቱ ውስጥ ይርገበገባል። ብዙም ሳይቆይ ሐሳቤ ኮበለለ፤ ጫማዬን አየሁ፣ ወፍ አየሁ፣ ጋዜጣ ላይ ያየሁትን የሥራ ማስታወቂያ አሰብኩ። ቀና ስል የእናቴ ዓይን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

ድንገት ጥሩምባው አንባረቀ። እኔ ምንም አላየሁም። ባቡር ሲመጣ ጢሱ ይቀድማል፣ ፊሽካው ይሰማል፤ ያን ቀን አንዱም አልነበረም። ቆይቶ ነው ያየሁት፤ ከላይኛው ጣቢያ ተፈትቶ ያመለጠ ፉርጎ፣ ሞተር የለው፣ ነጂ የለው፣ ቁልቁለቱን ብቻውን እየተንደረደረ ይመጣል። እናቴ ባንዲራውን ከፍ አድርጋ መንፋቷን ቀጠለች። ወንዶቹ ዘንጋቸውን ጥለው እግሬ አውጪኝ አሉ። ፉርጎው በፊታችን ሲያልፍ ነፋሱ ቀሚሴን ገለበው፤ ከታች የተተወውን ብረት ገጭቶ አለፈ።

ዞሬ ስመለከት ሁሉም በወዲህ በኩል ተርፈዋል፤ አጎቴ ብቻ በወዲያኛው በኩል ዘሎ፣ ከዳገቱ ስር በግንባሩ ተደፍቷል። አይንቀሳቀስም።

"እማዬ" አልኳት። "እማዬ፣ አጎቴ ወድቋል። አይነሳም። ዙሪ።"

አልዞረችም።

"አንቺ እዪልኝ" አለችኝ። "እኔ ዓይኔን ከዚህ አላነሳም።"

ወንዶቹ እየጮሁ ሐዲዱን ተሻግረው ሊያነሱት ሮጡ። የመጀመሪያው እግሩን ሐዲዱ ላይ ሊያሳርፍ ሲል ጥሩምባው እንደገና ጮኸ። ሁሉም ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ሁለተኛ ፉርጎ፣ ከመጀመሪያው የከበደ፣ በእነሱና በአጎቴ መካከል እንደ መብረቅ አለፈ።

እኔ ያኔ የማየው ከታች ያሉትን አይደለም፤ የእናቴን ፊት ነው። ሰው እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም። የእናቷ ልጅ ከኋላዋ ወድቆ፣ ሞቷል አልሞተም ሳታውቅ፣ ለሌሎቹ ስትል ዓይኗን አልነቀለችም። በቋንቋችን የሚመጣውን መጠበቅና ሰውን ከክፉ መጠበቅ አንድ ቃል የሆነበት ምክንያት ያን ጊዜ ገባኝ። ፈራኋት ብል ይቀለኛል፤ የገዛ እናቴን።

አጎቴ ራሱን ስቶ ነበር እንጂ አልሞተም። የትከሻው አጥንት ተሰብሮ ሆስፒታል ከረመ። እናቴ ግን ተተኪው መጥቶ ጥሩምባውን እስኪረከባት ድረስ አልወረደችም፤ ከዚያ በኋላ ነው ቁልቁል የሮጠችው።

በማግስቱ ካቦው፣ ድሮ ወታደር የነበረ ሽማግሌ፣ ሠራተኞቹን ሰብስቦ እሷ ፊት ቆመ። ጉሮሮውን ሁለቴ ጠረገ።

"ዘበኛ እንዳልልሽ ዘበኛ በር ይጠብቃል። ዋርድያም እስረኛ ይጠብቃል" አላት። "ጦር ግንባር ሳለን ሌላው ሲተኛ ከሁሉ ፊት ነቅቶ የሚቆም ሰው ነበረን፤ ቃፊር እንለዋለን። እኛ እንተኛ የነበረው እሱን አምነን ነው።"

ተመልካች የሚለው ስም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀረ። ጡረታ እስክትወጣ ቃፊር ተባለች፤ አዲስ የሚቀጠር ሁሉ መጀመሪያ ወደሷ ተወስዶ እጅ ይነሳ ነበር።

አጎቴ ዛሬም አንድ ትከሻው ዝቅ ያለ ነው። ባለፈው እሑድ ቤት ተሰብስበን ሳለ፣ ዓመታት ሙሉ ያልጠየቃትን ጠየቃት።

"እታለም፣ እውነት ሞቼ ቢሆንስ?"

"ሞተህ ቢሆንማ፣ ብዞርም ባልዞርም ሞተሃል" አለችው ብርጭቆ እያለቀለቀች። "እነሱ ግን ገና በሕይወት ነበሩ።"

"ጨካኝ ነሽ" አላት፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

እጇን በፎጣ አደረቀች።

"ጉልበቴ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር" አለች።

አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ እኔ እንኳ አላየሁትም።