ሳትታመም በቅጠል የታጠበች

በሕይወቴ ካደረግኳቸው ነገሮች ሁሉ ሰው ሊዋጥለት ያልቻለው፣ ጤነኛ ሆኜ በቅጠል መታጠቤ ነው። ብሰክር እንኳ ይሻላቸው ነበር።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ላፍቶ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ዕድሜዬ ሃያ ስድስት፣ ሥራዬ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ መተኮስ። ከጠዋት እስከ ማታ ካውያ ይዤ እቆማለሁ። ቅዳሜ በግማሽ ቀን ስንለቀቅ እግሬ አብጦ ከጫማው አልወጣ ይለኝ ነበር።

ቤቴ እገባና ቡታጋዝ ለኩሼ ትልቁን ድስት እጥዳለሁ። ውሃው ሲንተከተክ ጦስኝ፣ ጥቂት የባሕር ዛፍ ቅጠልና የሎሚ ልጣጭ እጨምርበታለሁ። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ሻይ ባፈላሁ ቁጥር አጥልዬ ያደረቅኩትን ሻይ ቅጠል። ውሃው ቀልቶ ሲጠቁር ሳፋው ውስጥ ገልብጬ፣ ቀዝቃዛ ቀላቅዬ፣ በሩን ቀርቅሬ እገባበታለሁ። ጉልበቴ አገጬን እየነካ አንድ ሰዓት ሙሉ እቀመጣለሁ። አልጸልይም፣ አላስብም፣ ምንም አልሠራም። በሳምንት ውስጥ ማንም የማያዘኝ ያቺን አንድ ሰዓት ነበር።

አከራዬ እዚያው ግቢ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት፣ ቀኑን ሙሉ ደጃፏ ላይ ቆማ ሽንኩርት የምትቸረችር ሴት ነበረች። ፊት ለፊት እርስዎ እላት ነበር። አሁን የምጽፈው እኔ ነኝና አለች እላለሁ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሽታው ሲደርሳት በሬን አንኳኳች።

«ምን ነካሽ? ምች መታሽ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ እትዬ።»

«ደህና ከሆንሽ ቅጠሉ ለምንድን ነው?»

«ደስ ስለሚለኝ።»

እስቲ አሁን ይሄ ምን ክፋት አለው? የሷ ፊት ግን ተለዋወጠ። በኛ ሰፈር በቅጠል የሚታጠብ ወይ የታመመ ነው፣ ወይ ሌላውን ሊያሳምም ያሰበ። ደስ ስለሚለኝ የሚባል መልስ ተሰምቶ አይታወቅም።

ጥፋቴንም ልናገር። የታመመ ሰው የታጠበበት የቅጠል ውሃ ሰው የማያልፍበት ቦታ ነው የሚደፋው፤ የተሻገረው ሰው በሽታውን ይዞ ይሄዳል ይባላል። እኔ አልታመምኩም፤ ስለዚህ ሳላስብበት ግቢው በር አጠገብ ደፋሁት። ቅጠሉ መተላለፊያው ላይ ተበትኖ ቀረ። ወር ሳይሞላ የአከራዬ ግራ እግር አበጠ።

ከዚያማ ጉድ ፈላ። ውጪልኝ አለች፤ ቀጥላም ሽማግሌ ጠራችብኝ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እሷ ያበጠ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላለች።

«ያሰረችኝ እሷ ናት፣ እሷው ትፍታኝ» አለች። «በዚያው በቅጠሏ እግሬን በእጇ ትጠብልኝና ቤቱ ውስጥ ትቀመጥ።»

«ልጄ፣ ምን ይጎዳሻል?» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ። «እጠቢላትና ነገሩ ይብረድ።»

ምን ይጎዳኛል! ካጠብኳትና እብጠቱ ከጎደለ አሳሪዋ እኔ ነኝ። ካልጎደለ ደግሞ ሆነ ብዬ አልፈታሁም። እንደሚጎድል ግን አውቅ ነበር፤ ቆሞ የዋለ እግር ሞቅ ያለ ውሃ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ክፍሏን ደግሞ እወዳት ነበር። መስኮት አላት፣ ቧንቧው ደጄ ላይ ነው፣ ሥራዬ በእግር ይደረሳል። እንደዚያ ያለ ክፍል በኔ ደመወዝ ሁለተኛ አይገኝም።

«አላጥብም» አልኩና ገብቼ ድስቱን ጣድኩ። ሳፋውን መሐል ግቢ አወጣሁት። እያንዳንዱን ቅጠል ሽማግሌዎቹን እያስሸተትኩ ድስቱ ውስጥ ጨመርኩ፤ ከድስቱም ቀድቼ ፊታቸው አንድ ጉንጭ ጠጣሁ። መራራ ነበር፤ ፊቴን ሳላጨማድድ ዋጥኩት። የቀረውን ሳፋው ውስጥ ገልብጬ ቀዝቃዛ ቀላቀልኩበት።

«እትዬ፣ ውሃው ይኸው። እግርዎን ራስዎ ያስገቡ። የኔ እጅ አይነካዎትም» አልኳትና እጆቼን ብብቴ ሥር ከትቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ፈራች። ግን እግሯ ያማት ነበር፣ እውነቱን ለመናገር በጣም ያማት ነበር። መጀመሪያ ግራውን አስገባች፣ ቆየት ብላ ቀኙንም። ትከሻዋ ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁት። ዓይኗን ጨፈነች። ውሃው እስኪበርድ ማንም አላስነሳትም። አዘንኩላት፣ ከልቤ አዘንኩላት፤ እንዲያ ሳትቀመጥ ስንት ዓመት እንደቆየች እግዜር ይወቀው።

እግሯን ስታወጣው እብጠቱ ጎድሎ ቁርጭምጭሚቷ ታየ። ትልቁ ሽማግሌ አማተቡ።

«ይኸው ፈታችኝ» አለች። ድምፅዋ ለስልሶ ነበር። «በይ፣ ይቅር ብዬሻለሁ። ክፍሉ ያንቺው ነው፣ ተቀመጪ።»

ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው። «ጉልበቷን ሳሚና ይለቅ» አሉኝ።

ጎንበስ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። የክፍሌን መስኮት አየሁ፣ ቧንቧውን አየሁ።

«ምን አድርጌ ነው ይቅር የሚሉኝ?» አልኩ።

ትልቁ ሽማግሌ መሬት መሬቱን አዩ። አከራዬ «ኧረ ተይ ልጄ፣ አታካብጂው» አለች፣ እውነትም ለኔ አዝና። በዚያው ሳምንት ዕቃዬን ጭኜ ፉሪ ዳር መስኮት የሌላት ክፍል ገባሁ። ውሃ ከሩቅ በጄሪካን እቀዳለሁ፣ ለሥራ ሁለት ታክሲ እይዛለሁ። የመጀመሪያውን ወር ስንት ቀን እንዳለቀስኩ አልቆጠርኩም። ጉልበቷን ግን አልሳምኩም።