ሳይጠየቅ የቀረው ሰሜን

የሥራ ባልደረቦቿ «ፀሐይ ቆጣሪዋ» ይሏታል። ገና ያልተሠራ ሕንፃ ውስጥ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ በኮምፒውተር ሞዴል ሠርቶ ማሳየት ነው እንጀራዋ። ነገሩ ከልጅነቷ ነው። ልብስ ሰፊ እናቷ ብርሃን ፍለጋ የስፌት መኪናዋን ጠዋት ወደ በሩ፣ ከሰዓት ወደ መስኮቱ ስትጎትት አይታ ነው ያደገችው።

አርክቴክቶች ፕላን የሚነድፉት ካድ በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ የካድ ዋጋ ደግሞ አይቀመስም። እሷ ካድ ኖሯት አያውቅም። ደንበኞቿ ግን ያላት ይመስላቸዋል፤ እሷም የለኝም አላለቻቸውም። ፋይሉን ትቀበላለች፣ በነፃ ባገኘችው መቀየሪያ ፕሮግራም ታሳልፈዋለች፣ ከዚያ ወደ ሞዴሏ ታስገባዋለች። መቀየሪያው እንደ ሰነፍ ዕቃ ጫኝ ነው፤ አንዱን ያደርሳል፣ ሌላውን መንገድ ላይ ይጥላል። አንድ ጊዜ ሚሊሜትሩን ሜትር አድርጎት የሽንት ቤት በር ተራራ አክሎ መጥቶላታል። እንዲህ ያለውን እየሳቀች ታርማለች። የሚታይ ስህተት ምን ችግር አለው? ጉዱ ያለው የማይታየው ላይ ነው።

አንድ ቀን የሆስፒታል ፕላን መጣላት። ሰሜንን የሚያሳየው ቀስት የተቀመጠው ለሕትመት በተዘጋጀው ገጽ ላይ ነበር፤ መቀየሪያው የሕንፃውን ንድፍ አምጥቶ ገጹን ትቶታል። «ሰሜኑ በየት በኩል ነው?» ብሎ መደወል ይበቃ ነበር። ግን ካድ ያለው ሰው ይህን አይጠይቅም። አፈረች። ሰሜን መቼም ወደ ላይ ነው ብላ ሠራችው። በስተቀኝ ያሉት የሕሙማን ክፍሎች ምሥራቅ ላይ ዋሉ፤ በሞዴሏ የጠዋት ፀሐይ ብቻ ደረሳቸው። «የፀሐይ መከላከያም መጋረጃም አያስፈልጋቸውም» ብላ ጻፈች። አሠሪዎቹ ወጪ ቀነሰችልን ብለው አመሰገኗት። ስህተትም ሲመሰገን ያምርበታል።

ፕላኑን የነደፈው ሰው ግን ዋናው መንገድ ከገጹ ግርጌ እንዲውልለት ሰሜኑን ወደ ታች አዙሮት ኖሯል። ይህን ያወቀችው ከዓመታት በኋላ፣ እናቷ ሳንባዋ ደክሞ እዚያው ሆስፒታል ስትተኛ ነው። ጠዋት ክፍሉ ጨለም ማለቱ ገረማት። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በመስኮቱ ሙሉ ገብቶ እናቷ ፊት ላይ ተዘረጋ። ክው አለች። መስኮቱ ወደ ምዕራብ ነው።

«አልጋውን ማዞር አይቻልም?» አለቻት ነርሷን።

«ኦክስጅኑ ከግድግዳው ነው የሚመጣው፣ የት ይሄዳል? መጋረጃም አያስፈልግም ተብሎ ነው አሉ የተሠራው። ማን እንዳለው እንጃ።»

መስኮቱ ላይ በፕላስተር የለጠፈችውን አንሶላ ሙቀቱ እየላጠ ሲጥልባት፣ ራሷ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ መቆም ጀመረች። ጥላው ፊቷ ላይ ሲያርፍ እናቷ ዓይኗን ትገልጣለች።

«ይህን መስኮት እዚህ ያኖረ እጁ ይሰበር! ፀሐይ አይውጣለት!» ትላለች። ወዲያው ደግሞ ድምፅዋን አለስልሳ፣ «አንቺ ግን ጥላዬ፣ ክፉ አይንካሽ። የወለድሽው ይባረክ።»

በአንድ አፍ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ቀን በቀን። ለምርቃቱ «አሜን» ስትል እርግማኑንም አብራ የተቀበለች ይመስላታል። የእናት እርግማን ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ የተማረ ነኝ ባይም ይፈራዋል። ሌሊት እንቅልፍ አጣች።

ለታላቅ ወንድሟ ነገረችው።

«ሆድ ይፍጀው» አላት። «ሞት አፋፍ ላይ ላለች ሴት ይኼን ነግረሽ ምን ልትጠቀሚ?»

እሷ ግን የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቷ ሳትሞት እርግማኑን እንድታነሳላት።

«እማዬ፣ መስኮቱ የኔ ጥፋት ነው» አለቻት በማግስቱ፣ እንደቆመች። «ሰሜኑን ሳልጠይቅ ነው የሠራሁት። እርግማንሽን አንሺልኝ።»

እናቷ ትንፋሿን ሰብስባ ሳቀች። «አንቺማ በኮምፒውተር ሥዕል ነው የምትሠሪው። ሥዕል ሰው ያቃጥላል እንዴ?»

«እውነቴን ነው እማዬ። ይቅር በይኝ።»

«ምን አጥፍተሽ? ድሮም የሰው ጥፋት መሸከም ትወጃለሽ። ማንን ልታድኚ ነው አሁን? ተይው፣ የእጁን ያግኝ።»

አላነሳችውም። ያላመኑበትን ጥፋት እንዴት ይቅር ይሉታል? በማግስቱ ጠዋት፣ ክፍሉ ገና ጥላ ሳለ፣ አረፈች።

ከቀብሩ በኋላ የእናቷን ፔርሙስና ሻሽ ልትወስድ ተመለሰች። አልጋው ላይ ሌላ አሮጊት ተኝተዋል። ፀሐዩ ፊታቸው ላይ ነው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥርሳቸውን ነክሰዋል። ዕቃውን መሬት አስቀምጣ መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች። ሴትዮዋ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ተባረኪ ልጄ። ይህን መስኮት እዚህ ያኖረ…» ብለው ትንፋሽ አጠራቸው።

«እጁ ይሰበር» ብላ ጨረሰችላቸው። ፀሐዩ እስኪጠልቅ ከዚያ አልተንቀሳቀሰችም።