«በይ ተቃወሚኝ!»

አጎቴ የክልል ምክር ቤት አባል ሳሉ፣ ለጉባኤ ባሕር ዳር ከመውረዳቸው በፊት ደብረ ታቦር እኛ ቤት ያድሩ ነበር። እራት እንደተበላ ከፊታቸው ያቆሙኝና ለጉባኤው ያዘጋጁትን ንግግር አሰምተው «በይ ተቃወሚኝ!» ይሉኛል። እንግዳ ሲመጣ የምደበቅ ዓይን አፋር ተማሪ ነበርኩ።

«ጋሼ፣ እኔ ምን አውቃለሁ?»

«እዚያ የሚቃወሙኝስ ሁሉ አውቀው መሰለሽ?»

አንድ ጊዜ ጉና ተራራ ላይ ለሚኖሩ ገበሬዎች ጤና ጣቢያ ሊጠይቁ ተነሡ። ገበሬዎቹ ምጥ የያዛቸውን እናቶች በቃሬዛ እስከ ከተማ ማውረድ ነበረባቸው፤ መንገድ ላይ የሚቀሩም ነበሩ። ንግግራቸው አንጀት ይበላል። እኔ ግን ፈራ ተባ እያልኩ፣ «ጤና ጣቢያው ይሠራ፤ በዚያ ብርድ ነርሷ የት ትኖራለች?» አልኳቸው።

ብድግ ብለው «ጎሽ! ጉድ ልታደርጊኝ ነው!» እያሉ ሳቁ። ጉባኤው ሳይጀመር በበቅሎ ወደ ጉና ወጡ። ገበሬዎቹም ለነርሷ ቤት ሊሠሩ ቃል ገቡ።

ምክር ቤቱ ውስጥ ያው ጥያቄ ተነሣ፤ መለሱት፤ ጤና ጣቢያው ተፈቀደ! ወዲያው ደውለው «ጠየቁኝ! ልክ እንዳንቺ ጠየቁኝ!» እያሉ ሲጮኹ እኔም ጮህኩ። እናቴ ሰው የሞተ መስሏት እየሮጠች ገባች።

ጋሼ፣ አሁን በሙሉ ድምፁ የሚያናግረኝ ሰው የለኝም። አንቱ ካረፉ ወዲህ ቁሚ፣ ተናገሪ ብሎ የሚያስጨንቀኝም የለም። ዝም ብል ማንም አይቆጣኝም። እኔ ግን ዝም ማለት አቅቶኛል።