እዚህ ላይ ወርጄ ገፋሁ

ልጅ ሳለሁ መርሳ ውስጥ መኪና የሚጠሉ አንድ ሰው ነበሩ። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ከተማችንን ለሁለት ከፍሎ ስለሚሄድ እንጀራችንም ጫጫታችንም ከመኪና ነበር፤ መኪና መጥላት እኛ ዘንድ ዝናብ እንደመጥላት ይቆጠር ነበር። ጋሽ ተሰማ ግን ብስክሌት ጠጋኝ ናቸው። በወጣትነታቸው አንዲት ጥቁር ብስክሌት ገዝተው ከውርጌሳ እስከ ጊራና ሸለቆ፣ ከሲሪንቃ በላይ ካሉት ኮረብታዎች እስከ ቆላው ወንዝ ድረስ መኪና የማይደርስበትን መንገድ ሁሉ ዞረውበታል። ለምን ዞሩ ሲባሉ «ለማየት» ይላሉ። በእኛ አገር ለማየት ብቻ ብሎ የሚሄድ ሰው ወይ ሰላይ ነው ወይ እብድ፤ እሳቸው ለሁለቱም ስላልበቁ ተረት ነጋሪ አድርገን ያዝናቸው።

ያኔ በሰሜን በኩል ባለው ጦርነት የተነሣ ምሽት ላይ ብርሃን ማሳየት ስለማይፈቀድ ኩራዛቸውን ከጠረጴዛው ሥር ያስቀምጡት ነበርና፣ ሲያወሩ ከጉልበታቸው በታች ብቻ ነበር የሚታዩት፤ ፊታቸውን ፍሙ ላይ ጎንበስ ሲሉ ብቻ፣ ያውም ለጥቂት ጊዜ፣ እናየዋለን። ጎማ የሚለጥፉበት ብረት ከፍሙ ላይ ተጋድሞ ይግላል፤ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ጉሮሮ ይይዛል፤ እኛ ደግሞ ባረጁ ጎማዎች ላይ እንደ ዶሮ ተደርድረን እንሰማለን። ጊራና ውስጥ አንድ ባሕታዊ ብስክሌቷን ዞረው ዞረው አይተው «ገብስ ትበላለች?» ብለው እንደጠየቋቸው፣ እሳቸውም «ጾመኛ ናት፣ አባቴ» ብለው እንደመለሱ ስንት ጊዜ እንደነገሩን አላስታውስም፤ በየጊዜው እንደሳቅን ግን አስታውሳለሁ።

ተረታቸው አንድ ጉድለት ነበረው። ልባችን በተንጠለጠለበት ቦታ ሁሉ «እዚህ ላይ ወርጄ ገፋሁ» ይላሉ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ወርደው ይገፋሉ። መስጊድ አጠገብም እንዲሁ። ውሃ ያዘለች ሴት ካገኙ ይወርዳሉ፤ ለቅሶ ቤት፣ ቀብር፣ ሽማግሌ የተቀመጠበት ዋርካ ካገኙም ይወርዳሉ። በቅሎ የሚጋልብ ሰው እንደዚያ እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን፤ ብስክሌት ግን ከበቅሎ የምትቆጠር አልመሰለንም።

የጎረቤታችን ልጅ ሰይድ ምላሱ ስለት ነበር። አንድ ቀን አላስችል አለው።

«ጋሽ ተሰማ፣ ይቺን ብስክሌት ነዷት ወይስ ሸኟት?»

ጎማዎቹ ላይ የተደረደርነው ሁሉ አውካካን። እሳቸው ብረቱን ከፍሙ አነሱና «ሁለቱንም» አሉ። «ያልወረደ ሰው በየት በኩል እንዳለፈ አያውቅም፣ አንተ ወሬኛ።»

ከዚያ ጦርነቱ ወደ እኛ ወረደ። አውሮፕላን መኪና እያየ ስለሚመታ ቀን ቀን የሚንቀሳቀስ መኪና ጠፋ። አስፋልቱ ላይ ፍየል ተኛበት፤ ልጆች ብይ ተጫወቱበት። ጋሽ ተሰማ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተመኙትን መኪና የሌለበት መንገድ ጦርነቱ ሰጣቸው። አንድ ጎረቤት ይህንኑ በቀልድ ቢነግራቸው አልሳቁም።

ኅዳር ላይ እናቴ ወንድ ልጅ ወለደች፤ በአምስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት። አባቴ በዚያ ዘመን እንደ ብዙ አባቶች «ሄዷል» ነበር የሚባለው፤ ወዴት ተብሎ አይጠየቅም። የከተማችን ድሬሰር አይቷት ሲወጣ፣ ስታስታምማት ለነበረችው ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘነበች ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲነግራት ሰማሁ። «እኔ ዘንድ ያለው መርፌ አልቋል፤ ወልድያ ይገኛል። እስከ ነገ ማታ ካልደረሰ ግን ባትጠሩኝ ይሻላል።»

ጋሽ ተሰማ ሰምተው መጡና ደጃፉ ላይ ቆመው «የሺን ስጡኝ» አሉ። የሺ እኔ ነኝ፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

«እሷን ደግሞ ለምን?» አለች እትዬ ዘነበች።

«ብቻዬን ብሄድ መልእክተኛ ነህ ብለው ይይዙኛል። ልጅ ያፈናጠጠ ሰው አባት ነው፤ ያሳልፉኛል።»

«እናቷ በዚህ፣ እሷ በዚያ፣ ሁለቱንም ብናጣስ?»

«ቁጭ ካልን አንዷን ማጣታችን አይቀርም፣ ዘነበች።»

ጎህ ሲቀድ ተነሣን። የብስክሌቷን የሚያብለጨልጭ ብረት ሁሉ፣ ደወሏን ሳይቀር፣ በጭቃና በአመድ ለቀለቁት፤ አውሮፕላን ብልጭታ ይወዳል አሉኝ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ያኔ ጥርት ያለ ሰማይ ክፉ ነገር ነው፤ ደመና እንዲመጣ ነበር የምንጸልየው።

አስፋልቱን ትተን በወንዙ ዳር በእግር መንገዱ ሄድን። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ያ ጠዋት በሕይወቴ ካየኋቸው ጠዋቶች ሁሉ ያማረ ነበር። ማሽላው ከራሳችን በላይ ቆሞ፣ ጤዛው ጉልበቴን እያራሰኝ፣ ከሰንሰለቱ ድምፅና ከወንዙ በቀር ምንም ሳይሰማ፣ እሳቸው በየኮረብታው ሥር ስሙን እየጠሩ፣ እኔ ወገባቸውን አቅፌ። ተረት ነው ያልነው አገር ሁሉ እውነት ነበር፤ በተባለበት ቦታ ዋርካው አለ፣ በተባለበት ቦታ ድልድዩ አለ። እናቴን ለረጅም ጊዜ ረሳኋት።

አንድ ቦታ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አስቆሙን። «ልጅህ ናት?» አለ አንደኛው።

«ታዲያ የማን ትመስልሃለች?» አሉ ጋሽ ተሰማ። በምንም አንመሳሰልም። አሳለፈን።

ወልድያ ስንደርስ መዝጊያውን ገርበብ አድርጎ የሚሸጥ አንድ መድኃኒት ቤት አገኘን። በጥጥ የተጠቀለሉ ሁለት ብልቃጦች ሰጡን፤ ጋሽ ተሰማ በመሐረብ ቋጥረው ደረቴ ውስጥ ከተቱልኝ። «ከአንቺ ደረት የተሻለ ሣጥን የለኝም» አሉ። ከመድኃኒት ቤቱ ስንወጣ ከደቡብ በኩል ሁለት ጊዜ የታፈነ የፍንዳታ ድምፅ ሰማን። የሁለታችንም ቤት በዚያው በኩል ስለሆነ ስለ ድምፁ አልተነጋገርንም።

መመለሻችን ላይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ከሲሪንቃ በላይ ካለ ኮረብታ ሥር ከአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ቀብር ነበር። አንድ ቄስ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከዚያ ሴቶች ብቻ። በሸማ የተሸፈኑ ሦስት ሬሳዎች ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ ከአንድ ቤት ናቸው። የተቆፈረው ጉድጓድ ግን አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ገና ጉልበት ድረስ።

ጋሽ ተሰማ እንደ ልማዳቸው ወረዱ። ገፍተው የሚያልፉ መስሎኝ እኔም ወረድኩ። እሳቸው ግን ብስክሌቷን ከድንጋይ ካብ አስደገፏት።

«ጋሼ፣ እናቴ...» አልኳቸው።

«አውቃለሁ፣ የሺ። ሰው የለም፤ አየሽ? ወጣቶቹ ሁሉ ሄደዋል።»

«ይመሽብናል!»

ከአንደኛው ሽማግሌ እጅ አካፋውን ተቀበሉ።

እኔ ካቡ ሥር ተቀምጬ መሐረቡን በሁለት እጄ ይዤ የብስክሌቷን ጥላ አየሁ። ሲጀምሩ የመሪዋ ጥላ አንድ ነጭ ድንጋይ ላይ ነበር። ቀስ ብሎ ድንጋዩን ለቀቀ፤ ሣሩን ተሻገረ፤ አንዲት የተሰበረች እንስራ ላይ ደረሰ። ጮኼ ልጠራቸው ፈለግሁ፤ ግን የሚያለቅሱ ሰዎች መሐል መጮህ እንዴት እንደሚቻል አላውቅም ነበር። ሲጨርሱ ሽማግሌው አፈሩን ከእጁ እያራገፈ ወደ እኔ አይቶ «ይቺ ልጅ እንዲህ አጥብቃ የያዘችው ምንድን ነው?» አለ። ጋሽ ተሰማ ነገሩት። አገሩንም ነገሩት። ሽማግሌው እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«ይህን ይዛችሁ ነው የወረዳችሁት?»

ከዚያ በኋላ ጋሽ ተሰማ እንደዚያ ሲነዱ አይቼ አላውቅም። አቀበቱን ሳይወርዱ ወጡት። አስፋልቱ ላይ በጠራ ሰማይ ሥር ገቡ፤ ደወሏ ላይ የነበረው ጭቃ ደርቆ ረግፎ ስታብረቀርቅ እንኳ አላቆሙም። መርሳ ስንገባ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። እትዬ ዘነበች ደጃፍ ላይ ቆማለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር የለበሰችው።

ድሬሰሩ በዚያው ምሽት ብልቃጦቹን ከእጄ ተቀብሎ «አንድ ሰዓት ቢቀድምም ለውጥ አያመጣም ነበር» አለኝ። ደግ ሰው ነበር። ያን ጊዜ የተናገረው እውቀቱ ይሁን ደግነቱ ለይቼው አላውቅም፤ አሁንም አልለየሁትም።

በማግስቱ እኛም ዘንድ ቆፋሪ አልነበረም። ጋሽ ተሰማ ብቻቸውን ሲቆፍሩ፣ ረፋዱ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች አካፋ ተሸክመው በእግራቸው መጡ። እነዚያው ነበሩ። እስቲ ልጅቱ መድረሷን እንጠይቅ ብለው ነው ከቤታቸው የተነሡት፤ አካፋውን ግን ለምን እንደያዙ ማንም አልጠየቃቸውም። ጉድጓዱ ቶሎ አለቀ። አመሰግናቸው ዘንድ ይገባኝ እንደነበር የገባኝ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ያን ቀን ግን ጠላኋቸው።

እኔንና ሕፃኑን ወንድሜን እትዬ ዘነበች ወሰደችን። ጋሽ ተሰማ ለወራት ተረት አላወሩም፤ እኔም ደጃፋቸውን አልረገጥኩም። ክረምቱ ሲገባ አንድ ምሽት ሰይድ እጄን ይዞ ወሰደኝ። ኩራዙ እዚያው ጠረጴዛ ሥር ነው፤ ብረቱም ፍሙ ላይ። ስለ ወልድያው መንገድ ያወሩ ነበር፤ ዋርካውን አለፉ፣ ጠመንጃ የያዙትን ሰዎች አለፉ፣ ኮረብታው ሥር ሲደርሱ ድምፃቸው ተቋረጠ። ጎንበስ አሉ፤ ፊታቸውን በፍሙ አየሁት። ሰይድ እንኳ አልቀለደም። ያን ተረት ከእኔ በቀር የሚጨርሰው እንደሌለ ገባኝ።

«እዚህ ላይ ወረድን» አልኩ።

«ወረድን» አሉ ጋሽ ተሰማ፣ ጎማውን እያገላበጡ።

ይቅር አላልኳቸውም፤ እሳቸውም ይቅርታ አልጠየቁኝም። ዛሬ መኪና እነዳለሁ፤ ጋሽ ተሰማ በሕይወት ኖረው ቢያዩኝ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። መንገድ ላይ ቀብር ሲገጥመኝ ሞተሩን አጥፍቼ እወርዳለሁ፤ ስወርድ እጄ ሳላዘው ወደ ደረቴ ይሄዳል፣ መሐረቡ ወደነበረበት። ስንት ሰዓት እንደሄደ ለማወቅ ግን ምድር ላይ ጥላ ፈልጌ አላይም።