የሲስተር ጋዲሴ ጥያቄ

ሲስተር ጋዲሴ ጥያቄ አያልቅባትም። እኔ አዳማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስኳር እንዳለብኝ ካወቅኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፣ በየወሩም በሰፈራችን ጤና ጣቢያ እሷ ፊት እቀመጣለሁ። ሌላው ነርስ «ምን በሉ?» ብሎ ጽፎ ያሰናብታል። እሷ ግን «ትናንት ከአልጋ ሲወርዱ መጀመሪያ የረገጡት ምንድን ነው? ጫማ ነው ወይስ ሲሚንቶ?» ብላ ትጀምራለች። ከዚያ ቁርስ፣ ከዚያ ማን መጣ፣ ከዚያ በእግር ነው በባጃጅ፤ ቀኑን ጫፉን ይዛ እስኪያልቅ ትተረትረዋለች። ወረፋ የምንጠብቀው እናጉረመርማለን። እኔ ደግሞ ከሁሉ እብሳለሁ፤ የሚጠብቀኝ ሥራ አለኝ።

የተወለደችው አቦምሳ ነው። አባቷ ስኳር እንዳለበት የታወቀው እግሩ ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሎ ከተቆረጠ በኋላ ነበር። አንድ ቀን ጣቴን እየወጋች እንደ ዋዛ ነገረችኝ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ውሃ በጆግ ሲጠጣ እያየን ሙቀቱ ነው አልን። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም።» አንጀቴን በላችው። ከዚያ ወዲህ ማጉረምረሜን ቀንሻለሁ፤ ጨርሶ አልተውኩም እንጂ።

በእግር ነገር ግን ቀልድ አታውቅም። ስኳር እግርን ያደነዝዛል፤ የደነዘዘ እግር ደግሞ ሲቃጠል አይሰማውም። አንዲት ሴትዮ ፍል ውሃ ነክራ እግሯ ተልጦ የመጣች ጊዜ ጋዲሴ የጮኸችባት ጩኸት ካርድ ክፍል ድረስ ተሰምቷል። በማግስቱ በሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «እግር ሙቅ ውሃ ውስጥ አይገባም!» የሚል ወረቀት ለጠፈች።

ባለፈው ወር አንድ ዓርብ ጠዋት አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ደብተሬን እሞላለሁ። በየቀኑ የለካነውን ስኳር የምንጽፍበት ደብተር ነው፤ እኔ ግን የወሩን በሙሉ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ እስክሪብቶ እጽፈዋለሁ። ቁጥሩን ከየት እንደማመጣው አትጠይቁኝ። በዚህ መሃል አባባ ሰንበታ ከልጃቸው ከቢሊሴ ጋር ገቡ። የስኳር ፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ። ሠላሳ ዓመት ስኳር ሲያመርቱ ኖረው ስኳር ያዛቸው እያልን እንቀልድባቸዋለን።

«አካም ቡልታን፣ አባባ? እንዴት አደሩ?» አለች ጋዲሴ።

 በእጃቸው የያዙትን ፌስታል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ ኢንሱሊናቸውና መርፌዎቹ ናቸው። «ለሚፈልግ ሰው ስጪልኝ። እኔ በቃኝ፤ ይሄ መርፌ ሊገድለኝ ነው።»

በሁለት ወር ውስጥ ሦስቴ ራሳቸውን ስተው ወድቀዋል። ሦስተኛው ትናንትና፣ የልጅ ልጆቻቸው እያዩ፣ በገዛ ደጃቸው ነበር። ቢሊሴ «ዓምና አንድ ሳምንት ቢያቋርጥ አራት ቀን ሆስፒታል ራሱን አላወቀም» አለች። «ሐኪሙ ያለ መርፌ አይኖርም ብሎናል። ንገሪው እንጂ!»

ጋዲሴ አልተከራከረችም። ወንበሯን አስጠጋችና «መቼ መቼ ነው የወደቁት?» አለች።

ቢሊሴ በጣቷ ቆጠረች። ሦስቱም ሐሙስ ሆኑ።

«ሐሙስ ምን አለ?» አለች ጋዲሴ፣ ዓይኗ በርቶ።

«ከሽማግሌዎቹ ጋር እሆናለሁ» አሉ አባባ።

«ጾም ጸሎት ነው?»

«ኧረ በልቼ ነው የምወጣው!»

መድኃኒቱን በመርፌው እንዴት እንደሚቀዱ እንዲያሳዩዋት ጠየቀች፤ ልኩን ቀዱ። የት እንደሚወጉ ጠየቀች፤ ጭናቸው ላይ ነው። ኢንሱሊኑን የት እንደሚያስቀምጡ ጠየቀች። የጎደለ ነገር የለም። በሩ ክፍት ነው፣ አግዳሚው በሩ ሥር ነው፣ ሁላችንም እንሰማለን። «ሲስተር፣ መሸ እኮ!» አልኩ እኔ። ገና አራት ሰዓት ነበር።

«ጫማዎን ያውልቁ» አለች፤ ማንንም እግሩን ሳታይ አትሸኝም። አባባ አመነቱና አወለቁ። በሁለቱም ቁርጭምጭሚት ላይ ዙሪያውን የሄደ ቀጭን ቀይ መስመር አለ። ጎንበስ ብላ በጣቷ ተከተለችው። «ይሄ ምንድን ነው?»

እሳቸው እግራቸውን ሰበሰቡ፤ እኔ ግን አፌ አያርፍም። «የላስቲክ መስመር ነዋ! የሱሪ ወገብ ላይ ላስቲክ ሲጠብቅ እንዲያ ነው የሚያደርገው።»

ጋዲሴ ቀና ብላ አየቻቸው። አባባ በሩ ላይ ያለውን ወረቀት አዩ። ከዚያ ጉዳቸውን አወጡት። ሽማግሌዎቹ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ ሚኒባስ ተኮናትረው ለጉልበታቸው ሶደሬ ፍል ውሃ ይሄዳሉ።

«እግሬን ግን አላስገባሁም!» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ያልሽውን ጠብቄአለሁ፣ ልጄ። በፌስታል ጠቅልዬ፣ በላስቲክ አስሬ፣ የገንዳው ጠርዝ ላይ እሰቅለዋለሁ። የሚገባው ሌላው ሰውነቴ ነው።»

አግዳሚው በሳቅ ፈነዳ። ጋዲሴም ሳቀች፤ ከዚያ ግን ሳቋ ተቋረጠ። «መርፌውን ስንት ሰዓት ተወጉ?»

«አንድ ሰዓት።»

«ውሃ ውስጥስ?»

«ሁለት ሰዓት ላይ።»

ብድግ አለች። «አገኘሁት! አባባ፣ መርፌው አይደለም የጣለዎት። ጭንዎ ላይ የተወጉትን፣ ቀስ እያለ ወደ ደም መግባት ያለበትን መድኃኒት የውሃው ሙቀት ያጣድፈዋል። ስኳርዎ በአንዴ ይወርዳል።»

ቢሊሴ አባቷ ላይ ዞረች። «ሁለት ወር ሙሉ ለምን አልተናገርክም?»

«ትቆጣለቻ!» አሉ አባባ፣ በአገጫቸው ወደ ጋዲሴ እያመለከቱ። «የዚያች ሴትዮ ጊዜ እኔም እዚህ ነበርኩ። ጩኸቷን ሰምቻለሁ።»

ማንም አልሳቀም። ጋዲሴ ፊቷ ተለዋወጠ። እንደዚያ ቀን ስታፍር አይቻት አላውቅም፤ እኔም አብሬያት አፈርኩ።

«ያስደበቅኩዎት እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «ልገድልዎት ነበር።»

ቀዩን እስክሪብቶ አንስታ ወደ በሩ ሄደች። ወረቀቱን የምትቀደው መስሎኝ ነበር። ከሥሩ «ከገባም ይነገረኝ። አልቆጣም።» ብላ ጻፈችበት።

ከዚያ ተቀምጠው ተነጋገሩ። ላስቲክ ዳግመኛ እግራቸውን እንዳይነካ፤ ሐኪሙ አይቷቸው እስኪወስን ፍል ውሃው እንዲቆይ፤ ሐሙስ ግን ከጓደኞቻቸው እንዳይቀሩ፣ ስኳራቸው ከወረደ የሚቀምሱት ከረሜላም ከኪሳቸው እንዳይለይ። አባባ «እዚያ ድረስ ሄጄ ጥላ ሥር ልቀመጥ?» ብለው ተከራከሩ፣ ተሸነፉ። በመጨረሻ ፌስታሉን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«ዛሬ አልተወጋሁም» አሉ። «ለኪኝና ልወጋ።»

ቢሊሴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

የኔ ተራ ደረሰ። ጋዲሴ ለደብተሩ እጇን ዘረጋች። ሰጠኋት፤ መልሼ ደግሞ ያዝኩት።

«ሲስተር፣ ይሄ ሁሉ ቁጥር ዛሬ ጠዋት አግዳሚው ላይ የተጻፈ ነው። ዓመቱን ሙሉ እንደዚሁ ነው።»

ከእጄ ወስዳ ገለጠችው። አፏ ሲከፈት ጩኸቱን ጠብቄ ነበር። ዋጠችው። ደብተሩን ዘጋችና ወንበሯን አስጠጋች።

«ትናንት ከአልጋ ሲወርዱ» አለች፣ «መጀመሪያ የረገጡት ምንድን ነው?»

«ሲሚንቶ» አልኳት፤ ከዚያ ጀምሬ ቀኑን በሙሉ ነገርኳት። ከኋላዬ አግዳሚው ማጉረምረም ጀመረ።