ለጓደኛዬ ያልነገርኩት ምርጫ

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስወጣ ከሆስፒታላችን በር ላይ አንዲት ሴት ጥንቅሽ እየቆረጠች ትሸጥ ነበር። አንዱን አገዳ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀጭ አደረገችው። ያ እርጥብና ጣፋጭ፣ ትንሽ ሣር ሣር የሚል ሽታ ሲመጣ እግሬ ቆመ። አዲስ አበባ ከገባሁ ብዙ ዓመቴ ነው፤ ጥንቅሽ በሸተተኝ ቁጥር ግን ከሚሴ አጠገብ፣ ጨፋ ሜዳ ላይ ነኝ። ማሽላው ከራሴ በላይ ቆሟል፣ ከማዶ በደሴው መንገድ የሚያልፉት የጭነት መኪኖች ያጓራሉ፣ አጠገቤ ጓደኛዬ የፊዚክስ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ አገዳዋን በጥርሷ ትልጣለች።

ስለ እሷ ለማንም በወጉ አውርቼ አላውቅም። ላንተ ልንገርህ።

እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ለግብርና ሥራ ተመድቦ ከሚሴ ሲገባ ገና ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። እሷ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ቦርከና ወንዝ ዳር የሚያርስ ገበሬ ልጅ ነበረች። ኦሮምኛ ያስተማረችኝ እሷ ናት። በረመዳን ለማፍጠሪያ እነሱ ቤት ካልተገኘሁ እናቷ ትቀየመኝ ነበር። አንደኛና ሁለተኛ እንቀያየር ነበር እያልኩ ለሰው አወራለሁ፤ እውነቱን ከፈለግህ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንደኛዋ እሷ ነበረች። አንድ ነገር ሳይገባኝ ሲቀር አትሰለችም፤ «ቆይ፣ በሌላ በኩል እንምጣበት» ትልና እንደገና ትጀምርልኛለች።

ሁለታችንም ሐኪም መሆን ነበር ምኞታችን። ሚሌኒየሙ በተከበረ ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈተንን። ውጤቱ ሲመጣ የእኔ ጥሩ ነበር፤ የእሷ ደግሞ ከእኔም በለጠ። ወረቀቱን ለአባቷ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። «ማሻ አላህ» አሉ። ከቤተሰቡ ለትምህርት ብላ ርቃ የሄደች ሴት ልጅ አልነበረችም። ማን ዘንድ ትሆናለች፣ ብትታመም ማን ያያታል፣ ብለው ጠየቁ። እኛ መልሱን አዘጋጅተን ነበር። ባህር ዳር አክስት አለችኝ። ዩኒቨርሲቲው ህክምና ከጀመረ ገና ቅርብ ጊዜው ነው፤ ሁለታችንም እዚያ እንመርጣለን፣ አብረን እንሄዳለን፣ አክስቴ ታየናለች። እናቴም ሄዳ ለመነቻቸው።

በሦስተኛው ቀን አስጠሩኝ። ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው ከብት እያጠጡ ነበር። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ፣ እንደ ልጃቸው። «አገሩን አላውቀውም። አንቺን ግን አውቅሻለሁ። አንቺ ካለሽ ትሂድ።»

የምርጫውን ፎርም የሞላንበት ቀን ነሐሴ ውስጥ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ፣ ከትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ላይ እንፋሎት ይነሣ ነበር። አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ሁለታችንም መጀመሪያው መስመር ላይ ባህር ዳር ብለን ጻፍን። እሷ ቀለሙ እንዳይጨማለቅ እፍ፣ እፍ አለችበት።

ስንወጣ የሒሳብ አስተማሪያችን እኔን ለብቻዬ ጠሩኝ። ይህ ውጤት አዲስ አበባ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ህክምና ሊያስገባሽ ይችላል፣ እዚያ ከመላ አገሪቱ ተመርጠው የሚገቡት ጥቂት ናቸው፣ ሰው በእንዲህ ያለ ዕድል አይቀልድም አሉኝ። ቤት ሄጄ ለአባቴ ስነግረው ፊቱ በራ። ግን ምረጪ አላለኝም። አስተማሪውም አላስገደዱኝም። አስገደዱኝ ብል ዛሬ ደስ ባለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ለብቻዬ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ጸሐፊዋ ፎርሜን ከክምሩ ፈልጋ አወጣችና አዲስ ሰጠችኝ። ስሞላ እያየችኝ «ጓደኛሽስ? የእሷንም ላውጣላት?» አለችኝ።

«አይ፣ ተነጋግረናል» አልኳት። «እሷ ባህር ዳርን ነው የምትፈልገው።»

ፎርሞቹ ወደ ደሴ የሚላኩት በነጋታው ነበር። አንድ ሙሉ ቀን ነበረኝ። እነሱ ቤት በእግር ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። አልሄድኩም። አዲስ አበባ ዘመድ ስለሌለኝ አባቷ አይፈቅዱም ብዬ ነው፣ እያልኩ ራሴን ብዙ ዓመት አባብያለሁ። ውሸቴን ነው። ቦታው ጥቂት ነው ተብያለሁ፤ እሷ ደግሞ ትበልጠኛለች። ሁለታችንም አንድ በር ላይ ብንቆም የምትገባው እሷ ናት ብዬ ፈርቼ ነው። ይህንን ጮክ ብዬ ስናገር ገና አሁን ነው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ይበልጥ ያሳፍሩኛል። ሐይቅ አይታ አታውቅም ነበርና ስለ ጣና ትጠይቀኛለች። ዳሩ ላይ ቆመሽ ማዶው ይታያል? አክስትሽ ትቆጣለች? እኔም እመልስላታለሁ። እናቷ ለሁለታችን አንድ ትልቅ ብርድ ልብስ አዘጋጅታ አሳየችኝ። እኔም ዳብሼ «ይሞቃል» አልኩ።

ምደባው ሲመጣ ዝርዝሩን የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፉት። እየተጋፋን ደረስን። እሷ የራሷን ስም ባህር ዳር ሥር ቶሎ አገኘችው። ከዚያ ጣቷን ወደ ታች እየጎተተች የእኔን መፈለግ ጀመረች። እስከ መጨረሻው ሄደች። እንደገና ከላይ ጀመረች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ የአንገቷን ላብ አያለሁ። ሁለተኛውንም ስትጨርስ «እኔ እዚህ ነኝ» ብዬ አዲስ አበባ የሚለውን ወረቀት አሳየኋት። አየችው። ዞራ አቀፈችኝና «መብሩክ» አለችኝ።

አባቷ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሽማግሌ ሲላክባቸው በትሕትና አስተናገዱ። ብቻዋን ግን እሺ አላሉም፤ የፈቀድኩት ለሁለት ነው፣ አሉ። እኔን አንድም ቃል አልወቀሱኝም። ልሰናበታቸው ስሄድ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ፣ «ነጋን ገሊ፣ በሰላም ግቢ» ብለው ሸኙኝ። ያ ምርቃት ከእርግማን ይልቅ ከበደኝ።

አዲስ አበባ ገባሁ። የማደሪያው ሲሚንቶ ይበርዳል፣ ኮሪደሩ የበረኪናና የተቀቀለ ጎመን ይሸታል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ የየአገሩ አንደኛ ነበር። አስተማሪው የሚለው ሳይገባኝ ሲቀር ሳላውቀው ወደ ጎኔ እዞር ነበር፤ እዚያ የተቀመጠችው የማላውቃት ልጅ ናት። የመጀመሪያውን ዓመት ለጥቂት ነው ያለፍኩት። ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጀምሬላት «ይድረስ ለውድ» ከሚለው አላለፍኩም። በሦስተኛው ዓመት ጨፋ ሮቢት ለአንድ የእህል ነጋዴ ተድራለች ብላ እናቴ ነገረችኝ። ሰርጓ ፈተናዬ ላይ ዋለ ብዬ ቀረሁ። ፈተና አልነበረኝም። ቆይታ ደግሞ የመምህርነት ኮርስ ወስዳ እዚያው ሳይንስ ታስተምራለች ሲሉ ሰማሁ፣ ደስ አለኝ። ደስታዬም ሸክም የቀለለለት ሰው ደስታ ነበር።

አባቷ ያረፉት እኔ ሐኪም ከሆንኩ በኋላ ነው። ለቅሶ ለመድረስ ከአዲስ አበባ ሄድኩ። ማሽላው ታጭዶ ሜዳው ገላጣ ሆኖ ነበር፤ ከብቶቹ ገለባውን ይለቃቅማሉ። እሷ ከሴቶቹ መሃል ተነሥታ መጣችና ደረቴ ላይ አለቀሰች። «አብሽሪ» የምትለኝ ግን እሷ ነበረች።

አመሻሹ ላይ ባጃጅ እስካገኝ ድረስ አስፋልቱ ዳር ልትሸኘኝ ወጣች። ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ፊቷን ሳላይ ነገርኳት። ፎርሙን የቀየርኩት በማግስቱ ነው፣ ልነግርሽ እችል ነበር፣ አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ያኔውኑ ጸሐፊዋ ነግራኛለች። ወረቀቶቹ ገና አልሄዱም ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልቀየርሽም?»

«ማታውን ትመጣለች ብዬ ጠበቅሁሽ። ስትቀሪ፣ አልፈለገችኝም አልኩ። ያልፈለገኝን ሰው ተከትዬ እንዴት ልሂድ?»

መኪና አለፈ። «ዝርዝሩ ላይ ስሜን ስትፈልጊ ታውቂ ነበራ?» አልኳት።

«ምናልባት መልሰሽ ቀይረሽው ይሆናል ብዬ ነው» አለች።

ይቅር በይኝ ማለቴን አስታውሳለሁ። እሷም አላህ ይቅር ይበለን አለች፤ ለሁለታችንም። አፉ ብላኛለች። ያም ሆኖ ያን ቀን አልቀለለኝም፣ ዛሬም አልቀለለኝም። ይቅር ያለችኝ ፎርሙን ነው። ያ የጠበቀችኝ ማታ ግን አሁንም እዚያው አለ።

ትንሽ ቆይታ ነጠላዬን ጎተት አደረገችው። «እስኪ ንገሪኝ» አለችኝ፣ «መጀመሪያ የገባሽ ቀን ምን ነበር የተማራችሁት?»

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ነገርኳት። አስተማሪው አንዲት ቀጭን አጥንት ይዞ ገባ፣ የቀኝ ነው የግራ? ብሎ ከፊት ወደ ኋላ አሳለፈልን፣ ከክፍሉ የመለሰ አልነበረም። የቷ አጥንት እንደሆነች ለማሳየት ከትከሻዋ ሥር በጣቴ ነካኋት። ዓይኗን ጠበብ አድርጋ በራሷ እጅ የዚያኛውን ጎን ዳበሰች፣ መልሳ የዚህኛውን።

«በምን ይለያል?» አለችኝ።

መልሱን ስጀምር ባጃጁ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። ሹፌሩ ከሚሴ ነሽ? አለኝ። እሷ ወደሱ ሳትዞር እጇን አወዛወዘችበት።

«ሂድ» አለችው፣ «አልጨረስንም።»